የጋይንት ገበሬና የሩቅ አገር ተማሪ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. በሺካጎ ከተማ የተመሠረተው ሮታሪ ክለብ በየአገሩ ሲስፋፋ ከታወቀባቸው ሥራዎች አንዱ የወጣቶች ልውውጥ ነው። አንድ ወጣት ባሕር ተሻግሮ ከማያውቀው ቤተሰብ ዘንድ ተቀምጦ ይማራል፤ የዚያ አገር ልጅም በፈንታው ወደዚህ ይላካል። ነገሩ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ልጅን ወደ ሩቅ አገር መስደድና የሩቁን ልጅ ተቀብሎ ማብላት ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ስትሆን፣ ቅዱስ ያሬድ ዝማሬን የደረሰው በዚያ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይተርካሉ። የዜማ ምልክት በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ በዐዛዥ ጌራና በዐዛዥ ራጉኤል ከተበጀ ወዲህ፣ በቤተ ልሔም ያልተመሰከረ የድጓ መምህር በሊቃውንት መካከል ክብሩ ዝቅ ያለ ነበር።

ከዚህም የተነሣ ወጣቶች ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ በእግራቸው ይመጡ ነበር። የጋይንትም ልጅ በፈንታው ለቅኔ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር፣ ለቅዳሴ ወደ ዋድላ ሰለልኩላ ይሄድ ነበር። በወላጆቹ ደጅ የቀረውን እርሻና ከብት ጥበቃ ስለሚጠሩት መሰደዱ እንደ ግዴታ ይቈጠር ነበር።

ይህን ልውውጥ የሚመዘግብ ጸሓፊ አልነበረም፤ ገንዘብ የሚይዝ ሹምም እንዲሁ። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻውን በበትሩ እየመከተ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ባለቤቲቱ ከልጆቿ ድርሻ ቈርሳ ትሰጠዋለች። እርሱም ለመንደሩ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ለሙታን ዳዊት ይደግማል፣ በማሕሌት ያገለግላል። ስለ ቤተ ልሔም የሚጽፉ ሰዎች የመምህራኑን ትውልድ ቈጥረው ስለ እነዚህ ሴቶች ዝም ማለታቸው ግን አይገባኝም፤ ድጓ የቈየው በእነርሱ ምጣድ ጭምር ነውና።

በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው አስቀድሞ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ መላክ ጀመረ። ሐሳቡ ለዚህ ልማድ የቀረበ ነበር፤ ነገር ግን መንገዱ ከከተማ ወደ ባላገር ብቻ የሚወስድ እንጂ የባላገሩን ልጅ በፈንታው የሚያመጣ አልነበረም።

የቀድሞውን ልውውጥ ያደከመው ዘመናዊ ትምህርት ብቻ አይደለም። መሬቱ ተራቍቷል፤ ዝናሙም አይታመንም። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። ራሷ እህል የሚሰፈርላት ባለቤት ደጇ የቆመውን ልጅ በምን ትመልሰው? በዚህም ምክንያት በአንዳንድ የአብነት ትምህርት ቤቶች መምህሩና ተማሪው ከምእመናን ማኅበራት በሚሰጥ ድጎማ እንዲረዱ ተደርጓል። ድጎማው ረኃቡን ያስታግሳል። በድጎማ የሚማረው ልጅ የመንደሩን ሰው በስም ያውቅ፣ ደብዳቤውንም ይጽፍለት እንደ ሆነ ግን ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል።