ከፓሪስ ኖታ እስከ ቄሶቻችን ዜማ

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ የቆየ የሙዚቃ መጽሐፍና ስለ አባቶቻችን ጸሎት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ዜማ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው እንዴት ነው? (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታተመው ኖታ

ዣን ባቲስት ሉሊ የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ የሙዚቃ ሹም ነበር። «ቤሌሮፎን» የተባለው ኦፔራው፣ ማለትም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ የሚቀርብ ትያትር፣ በጥር ወር 1679 በፓሪስ ታየ። በዚያው ዓመት ክሪስቶፍ ባላር የተባለ አታሚ የዘፋኞቹንና የመሣሪያዎቹን ዜማ አንድ ላይ የያዘውን ሙሉ ኖታ አተመ። ከሉሊ ኦፔራዎች መካከል ሙሉ ኖታው በመታተም የመጀመሪያው ይህ ነው።

ሉሊ በ1687 ሞተ። በዘመኑ የሰሙትም ሁሉ አለፉ። መጽሐፉ ግን ስለቆየ፣ ከ331 ዓመት በኋላ በ2010 ሙዚቀኞች ኦፔራውን በፈረንሳይ አገር እንደገና ተጫወቱት። ይሁን እንጂ ኖታው ሁሉንም ነገር አልያዘም። ዘፋኙ ድምፁን የሚያስውብበትን መንገድ አስተማሪው በቃል ያስተምረው ስለነበር፣ የዛሬዎቹ ሙዚቀኞች የዘመኑን የማስተማሪያ መጻሕፍት ማገላበጥ ነበረባቸው።

የአባቶቻችን ጸሎት

የቤተ እስራኤል ጸሎትም መጀመሪያ የታተመው በፓሪስ ነው። ዮሴፍ ሃሌቪ የተባለው አይሁዳዊ ምሁር በ1867 «አሊያንስ» በተባለው የአይሁድ ድርጅት ተልኮ ወደ ኢትዮጵያ ሄደ። በ1877 የግዕዙን ጸሎት ከዕብራይስጥ ትርጉም ጋር አሳተመ። መጽሐፉ ቃሉን ይዟል፤ ዜማ ግን የለበትም።

ቄሶቻችን የጸሎት መጻሕፍት በብራና ነበሯቸው። ዜማውን የተማሩት ግን በጆሯቸው ነው። አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ተማሪው አጠገባቸው ቆሞ ዓመታት እየሰማ ይለምዳል። በግዕዙ መካከል የአገውኛ ቃላትም ይገኛሉ።

ድምፁን ለማስቀመጥ የተሠራ ሥራ አለ። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ሸለማይ በ1973 በጎንደር አካባቢ በአምቦበር ጸሎቱን ቀድታ፣ ጥናቷን በ1986 በመጽሐፍ አወጣች። በዚያው በ1986 ሲምሐ አሮምና ባልደረቦቹ እዚህ እስራኤል ውስጥ ከቄሶች ሰፊ ቅጂ ወሰዱ። ከዚህም የተመረጠው በ2019 በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ታትሟል።

የቤተሰብ ድርሻ

ተመራማሪዎች የቀዱት ያገኟቸውን ቄሶች ነው። በሥራዬ ምክንያት እዚህ ነታንያ በምገባባቸው ቤቶች፣ የአባት ጸሎት ያለበት ካሴት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ አይቻለሁ፤ ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል፣ በካሴቱ ላይ ስም አልተጻፈበትም። ልጆቹ የማን ድምፅ እንደሆነ ያውቃሉ፤ የልጅ ልጆቹ ግን አያውቁም።

ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን፦

• ካሴት ያላችሁ፣ ሳይበላሽ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጡት። ዋናውንም አትጣሉት።
• አዲስ ስትቀዱ ቄሱን አስፈቅዱ። በሰንበትና በበዓል አትቅዱ፤ በሥራ ቀን ቀጠሮ ያዙ።
• የቄሱን ስም፣ የመጡበትን መንደር፣ ያስተማራቸውን ሰው፣ የጸሎቱን ስምና ጊዜውን ጻፉ። ይህ ከሌለ ድምፁ ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ይሆናል።
• የቃሉን ትርጉም እዚያው ጠይቁ፤ በተለይ የአገውኛውን።
• አንድ ቅጂ ለሌላ ዘመድ ስጡ። በኢየሩሳሌም የሚገኘው የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም የድምፅ መዝገብ አለው።

ከሁሉም በላይ አንድ ወጣት አጠገባቸው ይቀመጥ። የሉሊ ኖታ እንዳሳየን፣ ወረቀት ብዙ ያቆያል፤ ወረቀት ያልያዘውን ግን ሽማግሌውን መጠየቅ የሚቻለው ሽማግሌው በሕይወት ሳለ ነው።