ከሚያደነዝዘው ዓሣ እስከ መግነጢሱ ጥቅል፦ የነርቭ ሕመም ታሪክ



ስለዚህ ርእስ እንድናገር ስጋበዝ አስቀድመው ትዝ ያሉኝ መንዝ ቀየት የኖሩት አክስቴ ናቸው። እግራቸው እንደ ፍም ያቃጥላቸው ነበር፤ ሌሊት ጋቢው ሲነካቸው እንኳ ይጮኹ ነበር። ዋገምት አደረጉላቸው፤ ጠበልም ተጠመቁ። በኋላ አንድ የጤና ባለሙያ እግራቸውን አገላብጦ አየና «ምንም የለብዎትም» አላቸው። ቁስል ስላልነበረ ቃላቸው ማስረጃ ሊሆን አልቻለም።

ታሪኩን ከዓሣ እጀምራለሁ። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮማዊው ሐኪም ስክሪቦኒዩስ ላርጉስ ለጽኑ ራስ ምታት፣ ሲነኩት የሚያደነዝዝ ሕያው የባሕር ዓሣ በሚያመው ቦታ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ሪህ የያዘውም እግሩ እስኪደነዝዝ ዓሣው ላይ ይቁም አለ። ኤሌክትሪክ የሚለው ስም ገና አልነበረም። ስለ አገራችንም ኢየሱሳዊው ኒኮላዎ ጎዲኞ እ.ኤ.አ. በ1615 በታተመው የላቲን መጽሐፉ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)፣ እንዲህ ያለ ዓሣ አጋንንትን ከሰው ለማስወጣት ይውል እንደ ነበር ጽፏል። ከሚስዮናውያን ወሬ የተጠናቀረ ስለ ሆነ በጥንቃቄ እንቀበለው፤ እኔም ባደግሁበት ደጋ ጅረት እንዲህ ያለ ዓሣ አይቼ አላውቅም።

በ1980 ሜርተንና ሞርተን የራስ ቅል ሳይከፈት አንጎልን በኤሌክትሪክ አነቃቁ፤ ነገር ግን የራስን ቆዳ ክፉኛ ያሳምም ነበር። በ1985 ባርከርና ባልደረቦቹ በሼፊልድ የሽቦ ጥቅል ከራስ ላይ አስጠጉ። ቅጽበታዊው የመግነጢስ ኃይል አጥንቱን አልፎ በአንጎል ውስጥ ኤሌክትሪክ ቀሰቀሰ፤ የተመርማሪውም እጅ ያለ ፈቃዱ ተንቀሳቀሰ። በ1991 ጃፓናዊው ጹቦካዋ እንቅስቃሴን በሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ላይ ኤሌክትሮድ በቀዶ ሕክምና አኑሮ ሕመም እንደሚበርድ አሳየ። ሌሎችም ያንኑ ያለ ቢላዋ፣ በጥቅሉ ብቻ ሞከሩት። እፎይታው ለብዙዎች ከፊልና ጊዜያዊ ነው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም።

ለእኔ ከፈውሱ ይልቅ ምስክርነቱ ይበልጣል። በ1995 ጀርመናዊቷ ፍሎርና ባልደረቦቿ እጃቸው የተቆረጠ ሰዎችን መርምረው፣ በአንጎል ላይ ያለው የአካል ካርታ አብዝቶ በተዛባ ቁጥር በሌለው እጅ ላይ የሚሰማው ሕመም እንደሚበረታ አገኙ። በሌለ እጅ የሚሰማው ሕመም በአንጎል ውስጥ የሚለካ አሻራ አለው ማለት ነው።

በ1965 በተቋቋመው በአዲስ አበባው አለርት፣ የሥጋ ደዌ ሕክምናቸውን የጨረሱ 80 ሰዎች ተጠንተው ውጤቱ በ2012 ታተመ። ከግማሽ የሚበልጡት ሕመም ነበረባቸው፤ የከፊሉም ሕመም ከነርቭ የመነጨ ነበር። ተህዋሲው ጠፍቷል፤ ነርቩ ግን ተጎድቶ ቀርቷል። ለዚህ ጥናት መግነጢስም የአንጎል ምስልም አላስፈለገም። እንዲህ ያለውን ሕመም ለመለየት የሚቀርቡት ጥያቄዎች ቀላል ናቸው፦ ያቃጥላል? እንደ መርፌ ይወጋል? ይደነዝዛል? ቀስ ብለው ሲዳስሱትስ ያማል?

አክስቴን ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።