የቀበሌያችን ባንድ ዊኪፔዲያ ላይ ይገባል ወይ?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም የሁለት ገጽ ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ «ቲቸር፣ ዊኪፔዲያ ላይ ልለጥፈው ነው። ከመለጠፌ በፊት እይልኝ፤ ይገባል አይገባም የሚለውን አንተ ወስንልኝ» ብላለች። ጽሑፉ በደርግ ጊዜ እዚሁ ቀበና፣ በአንድ ቀበሌ ሥር ስለነበረ የኪነት ባንድ ነው። አባቷ የባንዱ አኮርዲዮን ተጫዋች ነበሩ። (የባንዱን ስም አልጽፍም። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው ትደርሱበታላችሁ።)

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ሳነበው «ለጥፊው! ማን ይከለክልሻል?» ልላት ነበር። ሰፈሬ ነው፣ ተማሪዬ ናት፣ ጽሑፉም ያምራል። ግን ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ «ምንጭህ ምንድን ነው?» እያልኩ የሰው ልጅ ሳስጨንቅ ኖሬ፣ የራሴ ሰፈር ላይ ሲደርስ ዝም ልል? አፈርኩ። ስለዚህ ነገሩን ከሥር መሠረቱ ለማየት ሞከርኩ።

ዊኪፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀመረ። ማንም ሰው ሊጽፍበት ይችላል፤ ስለ ማንም ግን አይጻፍበትም። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ለሙዚቃ ባንዶች ለብቻው የወጣ መመዘኛ አለው። ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ከባንዱ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው፣ የሚታመኑ የታተሙ ምንጮች፣ አንድ ብቻ ሳይሆን በርከት ብለው፣ ስለ ባንዱ የረባ ነገር ጽፈዋል ወይ? ሌሎችም አሉ። ዘፈኑ በሀገር አቀፍ የሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቶ ያውቃል? በትልቅ አሳታሚ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አልበም አውጥቷል? ትልቅ ሽልማት አግኝቷል? ቢያንስ ሁለት፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው የታወቁ ሙዚቀኞች ነበሩበት? ጥርጣሬ ካለ አዘጋጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ለ7 ቀን ይከራከራሉ፤ ከዚያ ጽሑፉ ወይ ይቆያል ወይ ይሰረዛል።

ልብ በሉ ልጆች፣ ከዋናው መመዘኛ ውስጥ «ባንዱ ጎበዝ ነበር ወይ?» የሚል የለም። «ሰው ይወደው ነበር ወይ?» የሚልም የለም። የሚለካው የተጻፈው ነው።

ይሄ በእኛ ላይ ብቻ የመጣ ነገር እንዳይመስላችሁ። ዶና ስትሪክላንድ የምትባል ካናዳዊት የፊዚክስ ሊቅ አለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ግንቦት ላይ ስለ እሷ የተጻፈ ረቂቅ ለእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ቀርቦ ምንጩ አይበቃም ተብሎ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የኖቤል ሽልማት አሸነፈች። በአምስት ወር ውስጥ የሴትየዋ ዕውቀት አልተለወጠም። የተለወጠው ስለ እሷ የተጻፈው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በእኛ ሀገር የማን ሙዚቃ ተጻፈ? ዜና መዋዕል ጸሐፊው ንጉሡን ይጽፋል፤ ግብር ላይ ማሲንቆ ይዞ የቆመው አዝማሪ ስሙ አይታወቅም። ዘመናዊው ሙዚቃ ሲመጣም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የምንላቸው፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር በታሪክ ይታወቃሉ። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎችም ይታወቃሉ። ለምን? መንግሥት የቀጠረው ሰው የደመወዝ ዝርዝር አለው፣ ደብዳቤ አለው፣ ጋዜጣ ላይ ፎቶ ይወጣለታል። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተሙን ሥራ በራሱ ደፍሮ ሲጀምር ሌላ መዝገብ ተከፈተ። በስድስት ዓመት አካባቢ ወደ 100 ገደማ ሸክላ አሳተመ። ሸክላ መሐሉ ላይ ወረቀት አለው፤ ወረቀቱ ላይ ስም አለ። ያ ስም ለታሪክ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

እሺ፣ ስሙ የተጻፈለትስ? ዋልያስ ባንድን ውሰዱ። ሰዓት እላፊ በነበረበት ዘመን ሂልተን ሆቴል ሲጫወት የኖረ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ አልበም አሳተመ፤ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮ ተጫውቶበታል። በ1981 ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሄደና ከአባላቱ ገሚሶቹ እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። በ1985 ብቻውን፣ አኮርዲዮን ይዞ፣ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ዝም።

ብሪያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት ከሱቅ አገኘ። በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያማ የዓለም ጋዜጣ ሁሉ ጻፈ፤ ኃይሉ መርጊያ እንደገና በየሀገሩ መድረክ ላይ ወጣ፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። ዛሬ ስለ እሱ «ይገባል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እስቲ አስቡት። በ2005 ይህ ሰው ታክሲው ውስጥ ተቀምጦ ተሳፋሪ እየጠበቀ እያለ አንዱ የዊኪፔዲያ አዘጋጅ «ይገባል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከሀገር ውጪ ያለ ሰው ምን ያህል ምንጭ ያገኝለት ነበር? ካሴቱ ግን ያኔም ያው ካሴት ነው። አንድ ኖታ አልተጨመረበትም።

ከዚህ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ «አይገባም» ማለት «አይረባም» ማለት አይደለም። ሁለተኛው ያማል፦ የእኛን ሙዚቃ ያስገቡልን በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ናቸው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ባያወጣ ኖሮ ስንቱ ባንድ ከእነ ስሙ ጠፍቶ ነበር? እግዜር ይስጥልን። ግን የባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አንድ ፈረንጅ እስኪገባ ድረስ ነው እንዴ የምንጠብቀው?

ወደ ቀበናው ባንድ ልመለስ። ቀበሌ የሚባለው ነገር በሐምሌ 1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ በኋላ የመጣ ነው። ቀበሌ ሲመጣ የቀበሌ ኪነት አብሮ መጣ። ከክፍለ ሀገሮቹ ኪነቶች የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ ስማቸው እስከ ዛሬ አለ። የየቀበሌዎቹ ግን? ካሴት አላሳተሙም። ሸክላ አላወጡም። አዳራሽ ውስጥ ተጫውተው፣ ሰልፍ ላይ ዘፍነው፣ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ተበተኑ።

አባቷን ልጠይቅ ሄድኩ። ቤታቸው ከቀበና ድልድይ ከፍ ብሎ ነው፤ ክረምት ላይ ከእንጦጦ የሚወርደው ውኃ ድምፁ እቤት ድረስ ይሰማል። ከሳጥን ውስጥ አንድ ፎቶ አወጡልኝ፤ እርጥበት ጠርዙን በልቶታል። ዘጠኝ ሰው ቆሟል። ጀርባው ላይ የቀበሌው ማኅተምና የዘጠኙም ስም አለ። ሌላ ያላቸው አንድ ካሴት ነው፤ እሱም የተላላ፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ በቴፕ የተቀዳ።

«ጋሼ፣ ምን ምን ትጫወቱ ነበር?» አልኳቸው።

«የታዘዝነውን» አሉና ሳቁ። «ለመሠረተ ትምህርት ዘፍነናል፤ ለመስከረም ሁለት ዘፍነናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ የፍቅር ዘፈን እንጫወታለን፣ ሰፈሩ ግጥም ይላል።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። «ልጆች ሲዘምቱም ዘፍነናል፣ መምህር። እዚህ በር ላይ። ከእነሱ ውስጥ የጎረቤቴ ልጆች ነበሩ። አልተመለሱም።»

ይህቺ ነገር በልጃቸው ጽሑፍ ውስጥ የለችም። «ለምን አልጻፍሽውም?» አልኳት። «አባዬን ሰው ክፉ እንዳይለው ብዬ ነው» አለችኝ።

ይገባኛል። እኔም ልጃቸው ብሆን አልጽፈውም። ግን ያኔ ነው ደንቡ የገባኝ። «ዝምድና የሌለው ሰው ይጻፈው» የሚለው ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ የፈረንጅ ንቀት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ልጅ አባቷን ስትጽፍ የሚያምረውን ትጽፋለች፤ ውሸት አልጻፈችም፣ ግን ባንዱ ለምን እንደነበረ የሚናገረው ግማሹ ታሪክ ቀረ። ያ ባንድ ፍቅርም ነበር፣ ትእዛዝም ነበር። ሁለቱ አብረው ካልተጻፉ የሰፈራችን ታሪክ አይደለም። እንዲያውም በሕይወት ካሉት የባንዱ አባላት ሁለቱ ስማቸው እንዳይነሳ ይፈልጋሉ፤ ለምን እንደሆነ ሳይነግሩኝም ይገባኛል።

አንድ ነገር ግን ደንቡ ላይ አለኝ። የሽያጭ ሰንጠረዥ፣ ትልቅ አሳታሚ፣ ሽልማት የሚሉት መመዘኛዎች የሌላ ሀገር ገበያ ታስቦ የወጡ ናቸው። እኛ ጋ ካሴት ከአንድ ቴፕ ወደ ሌላ ቴፕ እየተገለበጠ ነው ሀገር ያዳረሰው፤ ማን ቆጠረው? አብዛኛው ታሪካችንም በአፍ ነው ያለው። ይሄን ያነሱ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 አቻል ፕራብሃላ የሚባል ሕንዳዊ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በሕንድና በደቡብ አፍሪካ ሰዎችን በድምፅ ቀርፆ፣ ያንን ቃል የዊኪፔዲያ ምንጭ ለማድረግ ሞከረ። ሐሳቡ ብዙ አከራከረ፤ ዋናው ደንብ ግን አልተለወጠም። እኔ ቢለወጥ ደስ ይለኛል። እስኪለወጥ ግን አባቷ እየጠበቁ አይቆዩም፤ ዕድሜያቸው ወደ 70 እየተጠጋ ነው።

ተማሪዬ መፍትሔ አገኘሁ ብላ ነበር። «በቃ አማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ ልለጥፈዋ፣ እዛ ሰራዥ የለም!» እዚህ ጋ ተጣላን። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ አለው፤ የእኛ 15 ሺህ ገደማ ነው። የሚጠብቀው ሰው ትንሽ ስለሆነ በር ክፍት ነው ማለት እኮ ዝም ብሎ ይገባል ማለት አይደለም። የጎረቤት በር ክፍት ሆኖ ብናገኘው እቃችንን እናራግፍበታለን? የ9ኛ ክፍል ልጅ በገዛ ቋንቋው መጀመሪያ የሚያነበው ነገር ከፈረንጁ ያነሰ የተጣራ ይሁን ካልን፣ የናቅነው ራሳችንን ነው።

ስለዚህ ውሳኔዬ፦ ለአሁኑ አይገባም።

ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ደውላ «የድሮ አዲስ ዘመን የት ነው የሚገኘው?» አለች። በጣም ነው ደስ ያለኝ። ከ1933 ዓ.ም ጀምሮ የሚታተም ጋዜጣ ነው፤ ወመዘክር ሄዳችሁ የምትፈልጉትን ዓመት ማየት ትችላላችሁ። የመስከረም ሁለት በዓል ሰሞን የወጡትን እትሞች ከ1968 ጀምሮ አንድ በአንድ ልናገላብጥ ተስማምተናል። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር አስገልብጠናል። ፎቶውን ከፊትም ከጀርባም ስካን አድርገናል። አባቷን ሁለት ሰዓት ሙሉ በስልክ ቀርፀናል፤ መጀመሪያ ላይ ቀኑንና ቦታውን በራሳቸው አፍ ተናግረዋል። ይህ ሁሉ ገና «ምንጭ» አይደለም፤ ነገ አንድ የማይዛመድ ሰው ተቀምጦ ሲጽፍ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው።

አሁን የባንዱን ስም ለምን እንዳልጻፍኩ። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የሰፈር መምህር ነኝ። ዛሬ እዚህ ብጽፈው ነገ አንዱ ኮፒ አድርጎ ገጹ ላይ ይለጥፈዋል፤ ከነገ ወዲያ ሌላው «በታሪክ መምህር የተረጋገጠ» ይላል። እኔ ገና ምንም አላረጋገጥኩም። የሰማሁትን ነው የነገርኳችሁ። ስማቸው እንዳይነሳ የሚፈልጉትን ሁለቱንም ሰዎች አልረሳኋቸውም።

የምጠይቃችሁ ይሄ ነው። ዩኒቨርሲቲ ወይም ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የመመረቂያ ርዕስ የቸገረው ካለ፣ ከባንዱ ጋር ካልተዛመደ፣ በውስጥ ይጻፍልኝ። ከግንፍሌ እስከ ፈረንሳይ፣ ከቤላ እስከ ሾላ ቤታችሁ ውስጥ የቀበሌ ኪነት ፎቶ ወይም ካሴት ካለ፣ እባካችሁ ቤት ስታፀዱ እንዳትጥሉት። ፎቶ ከሆነ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ስም ከሌለው፣ የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ ጠይቃችሁ በእርሳስ ጻፉበት። በእስክሪብቶ አይደለም፤ ቀለሙ ወደ ፊት ይወጣል።

ቸር እንሰንብት።