ገንዘብ የነበረው የዳሎል ጨው

የአገሩን ታሪክ ለመማር የሚሻ ሰው ወደ ቤተ መጻሕፍት እንደሚሄድ ሁሉ፣ ወደ ገበያና ወደ ማዕድን ስፍራም መሄድ ይገባዋል። እኛም ለሥራ ጉዳይ ከመቀሌ ተነሥተን በበርሃሌ በኩል ወደ አፋር ቆላ በወረድን ጊዜ ይህንኑ ተረዳን።

የዳሎል ሜዳ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። በጉብታው ላይ ከምድር ውስጥ የሚፈላው ውኃ ጨውን፣ ድኝንና ብረትን አሟሙቶ ስለሚያወጣ መሬቱ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ለዓይን ያማረው ይህ ውኃ ግን እጅግ የበረታ አሲድ ስለሆነ፣ እጅን ቢነክሩበት ጉዳት ያደርሳል።

የምድር ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ የስምጥ ሸለቆው ምድር እየተሰነጠቀ በሰመጠ ጊዜ የቀይ ባሕር ውኃ ደጋግሞ ወደዚህ ገብቶ ነበር። መግቢያው በተዘጋ ጊዜም ውኃው በፀሐይ ተንኖ አለቀ፤ ጨዉ ግን ከ1 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ውፍረት ተደራርቦ ቀረ።

ከዚህ ሜዳ የሚቆረጠው አሞሌ ለብዙ መቶ ዓመታት የኢትዮጵያ ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲሠራበት፣ ከሚወጣበት ስፍራ በራቀም መጠን ዋጋው ሲጨምር አይቶ ጽፏል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በስማቸው ብር ካስቀረጹ በኋላ እንኳ አሞሌ ከገበያ ወዲያው አልጠፋም።

ይሁንና በአሞሌ የነገደ ሁሉ የማንን ድካም በእጁ እንደያዘ ያስብ ነበርን? በዚያ ሐሩር አፋሩና ትግሬው ጎን ለጎን ሲሠሩ አየን። አንዱ የጨዉን ንጣፍ በእንጨት ፈንቅሎ ያነሣል፤ ሌላው በመጥረቢያ ጠርቦ፣ መጠኑን አስተካክሎ ለግመል ጭነት ያሰናዳል። ልኩን የሚያውቁት በዓይናቸው ነው፤ ይህም ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ በቃልና በእጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው።

ዛሬ ወደ ሜዳው መንገድ ስለ ገባ የጭነት መኪና የግመሉን ሥራ እየወሰደ ነው። የሰው ድካም መቅለሉ የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን ግመል ነጂው ሥራውን በተወ ቁጥር የመንገዱና የውኃ ጉድጓዱ ስም፣ የጉዞውም ሥርዓት አብሮት ይሄዳል። በብሩ ላይ የንጉሡ መልክ ተቀርጿል፤ በአሞሌው ላይ ግን የማንም ስም አልተጻፈም። ስለዚህ በዚያ አውራጃ ያላችሁ መምህራንና ተማሪዎች፣ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ብትጽፉ፣ ለመጪው ትውልድ ከአሞሌ የሚበልጥ ሀብት ታቆያላችሁ።