ከጤነኞች ደም የተፈለገ ምስክር

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በደቡብ ካምቦዲያ በካምፖት ክፍለ ሀገር፣ ዶሮ ባለቀበት አንድ መንደር ይኖር የነበረ ወጣት ወንድ በኤች5ኤን1 ቫይረስ ተይዞ ሞተ። ከሁለት ወር ያህል በኋላ መርማሪዎች መርፌና ብልቃጥ ይዘው ወደ መንደሩ ገቡ። የፈለጉት ሕመምተኛን ሳይሆን በጤነኛው ደም ውስጥ የቀረውን ያለፈ በሽታ ምልክት ነበር።

በሆስፒታል ከተመዘገቡት ሕሙማን ከግማሽ የሚበልጡት ይሞቱ ነበር። ይሁን እንጂ ሆስፒታል የሚደርሰው የጠናበት ነው፤ ትኩሳት ይዞት በቤቱ የዳነ ገበሬ በመዝገብ አይገኝም። እንዲህ ያሉት ብዙ ከሆኑ በሽታው ከተፈራው ያነሰ ገዳይ ነው። ይህም ግምት መሠረት የለሽ አልነበረም፤ በ1997 በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎች ታመው 6ቱ ከሞቱ ወዲህ፣ ከተመረመሩት የዶሮ ሠራተኞች ከመቶ 10 ያህሉ ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቶባቸዋል።

ምርመራው ራሱ አድካሚ ነው። ለተራው ኢንፍሉዌንዛ ሲሠራበት የኖረው፣ በዶሮ ወይም በቱርክ ቀይ የደም ሕዋስ የሚከናወነው ፈተና ለዚህ ቫይረስ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ስለሆነም የደሙን ውሃ ደረጃ በደረጃ እያቀጠኑ ከሕያው ቫይረስ ጋር አዋሕዶ በሕዋሳት ላይ መጨመር ግድ ሆነ፤ ሕዋሳቱ ከዳኑ ደሙ ቫይረሱን ከዚህ ቀደም አውቆታል ማለት ነው። ለዚህ የሚያሻው ጥብቅ ላቦራቶሪ ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ የሚቆም አይደለም።

በካምፖት ከ93 ቤተሰብ 351 ሰዎች ደም ሰጡ። ከታመሙት ዶሮዎች ጋር በየቀኑ የሚነካኩ ነበሩ። ሆኖም ፀረ እንግዳ አካሉ በአንዱም አልተገኘም። ለመንደሩ ይህ የምሥራች ነው፤ ቫይረሱ ከዶሮ ወደ ሰው የሚሻገረው በጭንቅ ነውና። ለሐኪሙ ግን ያው ውጤት መርዶ ነበር፤ በስውር ታሞ የዳነ ካልተገኘ፣ አስፈሪውን የሞት መጠን የሚያቃልል ነገር አልተገኘም። እርግጥ አንድ መንደር ለአገር ሁሉ አይመሰክርም።

በ2006 በሌሎች ሁለት መንደሮች 674 ሰዎች ተመረመሩ፤ በ7ቱ ደም ምልክቱ ተገኘ። ሁሉም ከ18 ዓመት ያልበለጡ ነበሩ፤ ብርቱ ሕመም ነበረብኝ ያለ ግን አልነበረም። ቫይረሱ ካልነካቸው 24 ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ጎልቶ ወጣ፤ ከ7ቱ 5ቱ፣ ከ24ቱ ግን 5 ብቻ፣ በቤታቸው አጠገብ ባለው ኩሬ ይታጠቡ ወይም ይዋኙ ነበር። ዳክዬ ኩሷን የምትጥልበት ውሃ የልጆቹም መዋኛ ነበር።