ጎሚስታው ጎማ ያስተነፈሱ ዕለት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ይሄን ሳልነግራችሁ ብቀር ሆዴ አይችለውም።

ባለፈው ሚያዝያ ሦስት ሆነን ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ሄድን። መሪ የያዘው የእህቴ ልጅ ነው፤ እዚሁ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ፣ ሲናደድ አማርኛው የሚጠፋበት። ጋቢና ከጎኑ ጋሼ ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላ፣ ከምሳ ዕቃው ጋር። ተጎታቹ ላይ ሁለት ኤቲቪ ታስረዋል። ላላያችሁት፣ ኤቲቪ ማለት እንደ ፈረስ የሚፈናጠጡት ባለአራት ጎማ ሞተር ነው፤ አስፋልት አይወድም፣ ቤቱ ድንጋይና ጭቃ ነው።

ጋሼን ሳላስተዋውቃችሁ ወሬው አይጥምም። ጎጃም በረንዳ 30 ዓመት ጎሚስታ ነበሩ። ልጃቸው እዚህ ካመጣቻቸው ወዲህ ሥራ የለም፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በረንዳው ጋ ተቀምጠው የመኪና ማቆሚያውን ጎማ ሁሉ ሲቆጣጠሩ ይውላሉ። «የዚያ የቀዩ የቀኝ ፊት ጎማ አየር አንሶታል» ይሉኛል ቁልቁል እያዩ። ወርጄ ለባለቤቱ ብነግረው፣ አስለክቶ ሲመጣ እውነትም ጎድሏል።

የእህቴ ልጅ ደግሞ ጭንቅ ይዞታል። አንዱን ኤቲቪ የጭቃ ጎማ፣ ሌላውን ለሁሉም መንገድ ይሆናል የሚባለውን ጎማ አልብሶታል። አሁን ሁለቱንም አንድ ዓይነት ማድረግ ይፈልጋል፤ የቱን? «ጋሼ ይፍረዱልኝ» አለ። ጋሼ በዋዜማው ወደ ጋራዡ ወረዱ። መጀመሪያ ጽሑፉን አነበቡ፤ 26 በ9 በ12። ቁመቱ 26 ኢንች፣ ወርዱ 9፣ የሚገባበት ቸርኬ 12። ቀጥለው አውራ ጣታቸውን ጥርሱ መካከል ሰደዱ። የጭቃው ጎማ ጣታቸውን እስከ አንጓው ዋጠው፤ ያኛው ግማሹን ብቻ። ከዚያ ምራቅ በጣታቸው ነክተው ቫልቩ አፍ ላይ ቀቡ። አረፋ ከሠራ ይተነፍሳል ማለት ነው። አልሠራም። ቀና አሉና፦

«ስንት ነው የምትነፋው?»

«አምስት።»

«ሃምሳ?»

«አምስት ነው ጋሼ። 5 ፒኤስአይ።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄን ልጅ ቁጥር ማንም አላስተማረውም?»

ልጁ ግን አልተሳሳተም። የኤቲቪ ጎማ በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ነው የሚነፋው። መለኪያው እንኳ ለብቻው ነው፤ ለመኪና የተሠራው መለኪያ አምስትን ከምንም አይቆጥራትም። ነገሩ ከጥንስሱም እንዲያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ሆንዳ ዩኤስ 90 የሚባል ባለሦስት ጎማ ሞተር አሜሪካ ላይ ለገበያ አወጣ፤ መሐንዲሱ ኦሳሙ ታኬውቺ ይባላል። ያ ሞተር ሞላ የለው፣ ባሌስትራ የለው። ጎርባጣውን የሚውጥለት እንደ ኳስ ያበጠው ለስላሳ ጎማው ብቻ ነበር። ኋላ ባለሦስቱ እየተገለበጠ ሰው ስለፈጀ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩባንያዎቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምተው መሸጡን አቆሙ፤ ሜዳው ለባለአራቱ ቀረ። ጎማው ግን እንደ ልማዱ በትንሽ አየር የሚኖር ሆኖ ቀጠለ። ይሄን ሁሉ ለጋሼ አስረዳሁ። «የጃፓን ነገር» ብለው ዘጉት።

ሰባት ሰዓት ያህል ነዳን። የምንሄድበት የሃትፊልድና የማኮይ ዱካ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተ፣ በድንጋይ ከሰል አገር ተራሮች ላይ ከ1,000 ማይል በላይ የተዘረጋ የኤቲቪ መንገድ ነው። ስሙ ከሁለት ባላንጣ ቤተሰቦች የመጣ ነው። ልጁ እየነዳ ተረከልን። ታግ ፎርክ የሚባል ወንዝ መካከላቸው አለ፤ ሃትፊልዶች በአብዛኛው ወዲህ፣ ማኮዮች በአብዛኛው ወዲያ። እ.ኤ.አ. በ1878 በአንድ አሳማ ተካሰሱ፤ ጆሮው ላይ ያለው ምልክት የእኔ ነው፣ የለም የእኔ ነው ተባባሉ። ፍርዱ ለሃትፊልድ ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ በምርጫ ቀን አንድ ሃትፊልድ በስለትና በጥይት ተመታ፤ ለእሱ ደም ሦስት የማኮይ ወንድማማቾች ዛፍ ላይ ታስረው ተረሸኑ። ደም መመላለሱ ከዚያ ወዲያ ባሰበት።

ጋሼ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ይሄ ወሬ አልከበዳቸውም። «ሽማግሌ አልገባበትም?» አሉ።

«የልጅ ልጆቻቸው የእርቅ ሰነድ ፈርመዋል» አለ ልጁ። «በ2003።»

«በማን አቆጣጠር?»

«በፈረንጅ።»

ጋሼ በጣታቸው አሰሉት። «125 ዓመት! ለአንድ አሳማ!» ጊልበርት የምትባለው ትንሽ ከተማ ገብተን እራት እስክንበላ ድረስ ስለ ጎማ አላነሱም፤ የአሳማው ነገር አንገብግቧቸው ነበር።

ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት የዱካውን መግቢያ ፈቃድ ገዝተን፣ የራስ ቁር አጥልቀን ወጣን። ያለ ራስ ቁር ክልክል ነው፤ ለሁለት ሰው ባልተሠራ ሞተር ደርቦ መጫንም ክልክል ነው። የልጁ ከፋብሪካው ለሁለት የተሠራ ስለሆነ ጋሼ ከኋላው ተፈናጠጡ። ሹራብ ኮፍያቸውን አላወልቅም ብለው ቁሩ ከላይ ተደረበበት። እኔ በጭቃ ጎማው ተከተልኳቸው።

ጠጠሩ ላይ የእኔ ጎማ አንጀቴን አራገፈው። ያ ረጅም ጥርስ ደረቅ መሬት ሲመታ እያንዳንዷን ምት እጀታው ላይ ታገኛላችሁ። ቀይ ጭቃ ያለበት አቀበት ላይ ስንደርስ ግን ጊዜው የእኔ ሆነ። ዋልካን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በክረምት በቾ ላይ ጫማችሁ በአሥር እርምጃ የሁለት ጫማ ክብደት ያነሳ የለ? የልጁ ጎማም እንዲያው ነው የሆነው። ጥርሱ አጭር፣ መካከሉ ጠባብ ነውና ጭቃው ሞላበት፤ ሞላና እንደ ተለቀለቀ እንስራ ለሰለሰ። የእኔው ሲሽከረከር ጭቃውን ከጥርሱ መካከል እየተፋ፣ አንዳንዱንም የገዛ ጀርባዬ ላይ እየለጠፈ ወጣ። «በቃ፣ የጭቃው ነው!» ብዬ ከላይ ጮህኩ።

ጋሼ ወርደው በእግራቸው እየተንሸራተቱ መጡ። «ሞተሩ ሌላ፣ ነጂው ሌላ። ጎማ ነው ወይስ ሰው የምትፈትኑት?»

እውነታቸውን ነው። ከፍ ብሎ፣ ከተቆረጠው ገደል ጎን ጥቁር የከሰል መስመር የሚታይበት ቦታ ላይ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ደረጃ አገኘን። እዚያ ሰፈርን። ጋሼ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አንድ ሞተር፣ አንድ ነጂ፣ አንድ ድንጋይ ይሁን አሉ። ትንሿን ክሪክ አስገብተው የአንዱን ቸርኬ ለሌላው ሲያቀያይሩ፣ የእህቴ ልጅ ብሎን ለመያዝ እንኳ ተራ አልደረሰውም።

የጭቃው ጎማ ድንጋዩን ሊነክስ ሞከረ። ጥርሱ ወደ ጎን እየታጠፈ፣ እየዘለለ፣ በግድ ወጣ። ያኛውን ጎማ ጋሼ ራሳቸው 10 ነፉት፤ ከዚያ በታች እጃቸው እሺ አላለም። ድንጋዩን ገጨና እንደ ኳስ ነጥሮ ተመለሰ። 7 ተደረገ፤ ተሽከረከረ፣ የጎማ ሽታ ወጣ፣ ወጣ። 5 ላይ ግን፣ እኔ ተንበርክኬ በቅርብ ነበር የማየው፣ ጎማው የድንጋዩን ጠርዝ እንደ ሊጥ ሸፈነው። ሽክርክር የለ፣ ጩኸት የለ። ቀስ ብሎ ወጣ። ጋሼ ዝም ብለው አዩት። «ድገመው» አሉ። ደገመው።

አሁን ልጁ ተበረታታና «3 እናድርገው» አለ። 3 ላይ ፊቱ ወጣ፤ የኋላው ግራ የሾለ ድንጋይ ጎኑን አገኘውና ከቸርኬው ጠርዝ ተላቀቀ። ፍሽሽሽ!

ልጁ እንግሊዝኛ ጀመረ። ጋሼ ደግሞ ደስ አላቸው። የተጎታቹን ማሰሪያ ጠፍር አምጣ አሉኝ። በጎማው ወገብ ዙሪያ ጠምጥመው በዱላ እያዞሩ አጠበቁት፤ ወገቡ ሲጨመቅ ሁለቱ ከንፈሮች ወደ ውጭ ተገፉ። የምሳችንን ዕቃ ልናጥብበት የያዝነውን ሳሙና በውሃ በጥብጠው ጠርዙን ቀቡት። ትንሿ የባትሪ ፓምፕ ማንኮራፋት ጀመረች። 8… 12… 17… ጧ! አንዱ ጎን ገባ። ትንሽ ቆይቶ ጧ! ሁለተኛው። 20 ደርሷል።

«አሁን ወደ 5 ይመለሳል ጋሼ» አለ ልጁ በፍርሃት።

አውራ ጣታቸው ቫልቩ ላይ ቀረ። 30 ዓመት ሙሉ አየር ሲሞሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ደህና የተነፋን ጎማ ማስተንፈስ እሳቸው ዘንድ ጤፍ መድፋት ነው። ከዚያ ተጫኑት። እየለኩ፣ እያቆሙ፣ እየለኩ፣ 5 ላይ ለቀቁት። ፍርዱንም እዚያው ሰጡ፦ «ጭቃ ብቻ ለሚነዳ ያኛው ይሁን። አንተ የምትነዳው ድንጋይ ነው፤ ይሄን ግዛ። አየሩን ግን ጠዋት ጠዋት፣ ሳይሞቅ ለካው።»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በጭቃ ተለውሰን ጊልበርት ወረድን። እዚያ ኤቲቪ በከተማው መንገድ መንዳት ስለሚቻል፣ ከነሞተራችን ነዳጅ ማደያ ገባን። ኔትወርክ እንዳገኙ ጋሼ አዲስ አበባ ደወሉ፤ እዚያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ያነሳው ድሮ ረዳታቸው የነበረ፣ አሁን የራሱን ጎሚስታ ቤት የከፈተ ልጅ ነው። ድምፁን ከፍ አድርገውት እኛም እንሰማለን።

«ዛሬ ጎማ ስፈትን ዋልኩ» አሉት። «ድንጋይ ላይ። ስንት የነፋሁት ይመስልሃል? አምስት!»

«ሃምሳ?»

«አምስት አልኩህ እኮ! አምስት!»

ወዲያ ማዶ ዝም ተባለ። ራቅ ብሎ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ያ የድሮ ረዳታቸው ለስለስ አድርጎ፦

«ጋሼ… ልጅዎ አጠገብዎ አለች?»