ክሬቲን ካይኔዝ በእንስሳት ደም

ክሬቲን ካይኔዝ በዋነኛነት በጡንቻ ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ ኢንዛይም ነው፤ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም ይወጣል።

ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ግን የጡንቻ በሽታ መኖሩን አያረጋግጥም። ጡንቻ ላይ የተወጋ መርፌ፣ ከባድ ሩጫ ወይም መውደቅ ያንረዋል፤ በድመት ደግሞ ምግብ ማቆም ብቻውን ይበቃል። ክርያት ቢያሊክን በመሳሰሉ የሰሜን እስራኤል ከተሞች ሐኪሙ የፍልስጤም እፉኝት ንድፊያንም ይጠረጥራል። የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት የ601 ድመቶች ጥናት፣ ከፍታው በታመሙ ድመቶች ዘንድ የተለመደ ሆኖ ተገኝቷል።

ኢንዛይሙ ከደም ቶሎ ይጠፋል፤ ኤኤስቲ የተባለው ሌላው ኢንዛይም ግን ይዘገያል። ኤኤስቲ ከፍ እንዳለ ክሬቲን ካይኔዝ ከወረደ (ጉበቱ ጤነኛ ከሆነ) የጡንቻው ጉዳት ቆሟል ማለት ነው። በአንድ ውጤት ብቻ መፍረድ አይገባም፤ ምርመራው ከ1 ወይም ከ2 ቀን በኋላ ይደገም።